ክረምት ያለፈበት የመሠረት ድንጋይ

ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.
ደባርቅ

ለክቡር አቶ ሀብተ ሚካኤል
የስታዲየም አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት ስብሰባ

ጉዳዩ፦ ድንጋይ ላይ በመቀመጧ ስለታሰረችው ስለ ወይዘሮ ዘቢደር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከትናንት በስቲያ የዋለው የኅዳር ሚካኤል የስምዎ ታቦት ነውና፣ በጤናና በብዙ እንግዳ እንደዋለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ የቢሮዎ ወንበርና አዲሷ መኪናዎም ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በእህል ተራ ያለነው፣ የሊማሊሞ ነፋስ ፊታችንን ከመግረፉና መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቅ ከማለቱ በቀር፣ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። በሬዲዮ እንደሚነገረን ከሆነማ ከደህናም በላይ ነን፤ ኢኮኖሚያችን በሁለት አሃዝ አድጓል ተብለናል። ይህንንም የሰማነው መብራት ስለሌለ ለሬዲዮናችን ባትሪ ድንጋይ ገዝተን ነውና፣ ለዕድገቱ የበኩላችንን አድርገናል።

ስሜ አለነ ክንዴ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ከገበሬ እየገዛሁ ወደ ጎንደር የምጭን ነጋዴ ነኝ። የየዕለቱን ውሎዬን፣ የገበያውን ነገር፣ የነፋሱን ነገር፣ ማን ምን እንዳለ በማስታወሻዬ የማስፈር ልማድ ስላለኝ ቀንም ቃልም አላሳስትም። ያናደደኝንም ነገር ሳላሳድር አልናገርም፤ ተናድዶ የሸመተ ነጋዴ ነቀዝ የበላውን እህል ይዞ ይገባልና። ይህን ደብዳቤ ዐሥር ቀን አሳድሬዋለሁ። ስለዚህ በንዴት የተጻፈ ሳይሆን ተበጥሮና ተነፍቶ የቀረበ መሆኑን እንዲያምኑልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአካል ቀርበህ አላስረዳኸኝም እንዳይሉኝ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ደጋግሜ መጥቻለሁ። ጸሐፊዎ ጨዋ ልጅ ናት፤ በመጣሁ ቁጥር ወንበር እየሰጠች «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች። በመጨረሻው ቀን ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ስለ መልካም አስተዳደር ነው፣ ጋሼ፤ ገና አላለቀም» አለችኝ። እርስዎን ከመልካም አስተዳደር ላይ ማስነሣት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ አቤቱታዬን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በቁጥር በቁጥሩ አቀርባለሁ።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ዘቢደር የምትባል ባሏ የሞተባት ተልባ ሻጭ፣ ለስታዲየሙ በተቀመጠው የመሠረት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በመገኘቷ ከኅዳር 4 ቀን ጀምሮ ታስራለች። ገብሷ ማሳ ላይ ደርሶ አጫጅ አጥቷል። እንድትፈታ እለምናለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ እርስዎ ማብራሪያ እንደሚወዱ ከንግግሮችዎ ርዝመት ስለተረዳሁ አላሳጥረውም።

፩ኛ. ባለፈው ዓመት በሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ ስታዲየም ሊሠራልን መሆኑን ሲነግሩን የተሰማንን ደስታ እስካሁን አልጨረስነውም። ከተማችን ሜዳ አጥታ አታውቅም። ይሁን እንጂ ለመሠረት ድንጋይ ከሁሉ የተሻለው ቦታ የእህል ተራው መካከል፣ ከሁሉ የተሻለውም ቀን ቅዳሜ መሆኑን ከእርስዎ በፊት የተረዳ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ከየአምባው አህያውን እየነዳ ለገበያ ገብቶ ስለነበር፣ ከክልል የመጡት እንግዶች ሜዳውን ጢም ብሎ አገኙት። በማግሥቱ በሬዲዮ «የደባርቅና የአካባቢዋ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ ደስታውን ገለጠ» ተባለ። እውነት ነው፤ በነቂስ ወጥተን ነበር። ጨው ልንገዛ።

ስለ ድንጋዩም ምስጋናዬ ይድረስዎ። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ዙሪያው የተስተካከለ፣ ፊቱ ላይ እብነ በረድ የተለጠፈበት፣ ያስቀመጡት ባለሥልጣን ስም በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት፣ ቁመቱም ለተቀመጠ ሰው ጉልበት የሚመች ድንጋይ ነበር። የእህል ተራ ሴቶች መጋረጃው ሲገለጥ አይተው ምን እንዳሉ ልንገርዎ፤ «አቤት መቀመጫ!» ነበር ያሉት። የቀረውን የስታዲየሙን ክፍል ስላላየነው እስካሁን አስተያየት ለመስጠት ይቸግረናል።

፪ኛ. በዚያው ዕለት ለበዓሉ ድምቀት የዳባት ልጆች በሚኒባስ መጥተው ከእኛ ልጆች ጋር ስላደረጉት የእግር ኳስ ግጥሚያ ማንሣት ይገባኛል። በሬዲዮ የተነገረው «ግጥሚያው የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነቱን አጠናክሮ ተጠናቀቀ» የሚል ብቻ ስለነበር፣ በቦታው ያልነበረ ሰው ማን እንዳሸነፈ ሊጠይቅ ይችላል። ያሸነፈው ዳባት ነው።

ንግግሩ ስለረዘመ ጨዋታው የተጀመረው ደመናው ከጠቆረ በኋላ ሲሆን፣ ሜዳውም ከገበያው ስላልተለየ፣ ኳሷ አንዲት ሴት የዘረጋችው ባቄላ ላይ አርፋ በተነችው። በረኛችን ጎንበስ ብሎ ባቄላውን ሲለቅም ሁለተኛዋ ጎል ገባች። «ተነሣ እንጂ፣ አንተ!» ብለን ብንጮህበት፣ ቀና ሳይል «እህል እየተረገጠ?» አለን። የዳባት ደጋፊዎች እስካሁን በመንገድ ባገኙን ቁጥር «ባቄላው ተለቀመ?» ይሉናል። በዚያ ቀን ድምፅ ማጉያ ከያዙት ሁሉ ይልቅ የቆመበት መሬት ምን እንደሆነ የገባው ያ ልጅ ብቻ ነበር። እሱም ስታዲየሙን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በመስከረም ሰሊጥ አጨዳ ብሎ በሊማሊሞ ወደ ቆላ ወርዶ እስካሁን አልተመለሰም። የቀሩት ጓደኞቹ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ በጄኔሬተር ጭስ እየታፈኑ የእንግሊዝን ጨዋታ ያያሉ። የእንግሊዝ ስታዲየም ሣሩ እንዴት እንደሚያምር ሁሉም በቃላቸው ያውቁታልና፣ የስፖርት ዕውቀታቸው አድጓል ብለው ሪፖርት ሊያደርጉበት ይችላሉ።

፫ኛ. ስለ መዋጮው ምንም አልልም። በፈቃዳችን ነው የሰጠነው። በፈቃዳችን መስጠታችንንም የንግድ ፈቃድ ስናሳድስ ደረሰኙን አያይዘን አረጋግጠናል።

፬ኛ. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የገበያችንን የድንጋይ ሕግ እርስዎ ያውቁታል፤ ይሁንና ይህን ደብዳቤ የጎንደርና የባሕር ዳር ሰዎችም ሊያነቡት ስለሚችሉ ላስረዳ። በእህል ተራ የምትሸጥ ሴት ሁሉ የራሷ ድንጋይ አላት። ራሷ አንከባልላ ያመጣችው ወይም ከእናቷ የወረሰችው ነው። የሌላ ሰው ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ባለቤቷ ብትታመም ወይም ብትወልድ፣ ጎረቤቷ ቅዳሜ ጧት አንድ እፍኝ ጭድ ጣል ታደርግበታለች። «ትመጣለች» ማለት ነው። ጭድ የሚጥልበት አጥቶ፣ ጠያቂ አጥቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው የከረመ ድንጋይ ግን፣ መስቀል ካለፈ በኋላ መቀመጫ ለሌላት ሴት ይሰጣል። ይህን የምትፈርደው በተራው በዕድሜ ትልቋ ስትሆን፣ ዛሬ እትዬ ዙፋን ናት። ማኅተም የላትም፤ ስብሰባም ጠርታ አታውቅም። ይሁን እንጂ በፍርዷ ላይ ይግባኝ የጠየቀ ሰው እኔ አላየሁም።

እንግዲህ በዚህ ሕግ የእርስዎን ድንጋይ ይመልከቱት። በሚያዝያ ተቀመጠ። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮ ሴቶቹ ወደ አስፋልቱ ዳር ተገፉ፤ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው አይሱዙ ሁሉ ጭቃውን እየረጨባቸው አለፈ። በግንቦት ምርጫው አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን የጠየቀው የለም። በሰኔ ገመዱ ጠፋ፤ ሴቶቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ወረደበት፤ ወርቃማው ቀለም ታጠበ፤ አስቀድሞ የታጠበውም የባለሥልጣኑ ስም ነው። በመስከረም ደመራው ተደመረ። ከኮሚቴውም ከመሐንዲሱም ወገን አንድ እፍኝ ጭድ እንኳ የጣለበት አልነበረም።

፭ኛ. ዘቢደር ከሊማሊሞ አፋፍ የምትመጣ ገበሬ ናት። ባሏ ያርጋል በሕይወት ሳለ ገበያ የሚወጣው እሱ ነበር። ገብሱን ለእኔ ነበር የሚሸጠው፤ ከጆንያው ጠጠር ወጥቶ አያውቅም። ያርጋል በሰኔ አረፈ። ዘቢደር በጥቅምት ተልባዋን አዝላ ገበያ ስትመጣ መቀመጫ ስላልነበራት፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ አላፊ አግዳሚው ሲረግጥባት ዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ዙፋን ዘንድ ቀርባ ድንጋይ ለመነች።

እትዬ ዙፋን ተራውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ባለቤት የማይመጣባቸው ድንጋዮች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው የእርስዎ የመሠረት ድንጋይ ነው። ሁለተኛውን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ። እትዬ ዙፋን ጥቂት አሰበችና፣ «ሂጂ፣ ልጄ፣ የመንግሥቱ ላይ ተቀመጪ። መንግሥት መቀመጫ አይቸግረውም» አለቻት።

ይህንን ስትል አልተሳሳተችም። በግንቦቱ ምርጫ በአገሪቱ ምክር ቤት ያለው መቀመጫ ሁሉ፣ አንድ እንኳ ሳይተርፍ፣ በአንድ ወገን መያዙን እኛም ሰምተናል። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንዲት ተልባ ሻጭ የሆነ ቦታ አንድ ክፍት መቀመጫ አገኘች ሲባል የደነገጣችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም።

ኅዳር 4 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እርስዎ ከበላይ አካል የመጡ እንግዶችን ይዘው የስታዲየሙን የሥራ ሂደት ሊያስጎበኙ ወደ እህል ተራ መጡ። የሥራው ሂደት ተልባ እየሰፈረች ነበር። ዘቢደር ከረባት ያሰረ ሰው ፊቷ ሲቆም ገዢ መስሏት፣ «ቅመሱት፣ አባቴ፤ አፈር የለበትም። ልስፈርልዎ?» አለች። እርስዎም፣ «ተነሺ ከዚህ! ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት። «ድንጋይ ነዋ» አለች። «የማን ድንጋይ?» ቢሏት፣ «ክረምት አልፎበታል እኮ፣ ጌታዬ። ባለቤት ካለው ምነው ለመስቀል ሳይመጣ?» ብላ መለሰችልዎ።

ሴቶቹ ሳቁ። የእነሱን ሳቅ ይቅር ይሉት ነበር ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ከእንግዶችዎ አንደኛው አብሮ መሳቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ወሰዷት። ሴቶቹ ተልባዋን በጆንያ ሰብስበው፣ አፉን ሰፍተው አስቀመጡላት።

፮ኛ. የተከሰሰችበት ወንጀል «የልማት ሥራ ማደናቀፍ» መሆኑ ተነግሮኛል። እኔ ሕግ አልተማርሁም፤ ነገር ግን የሚደናቀፈው የሚራመድ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ድንጋዩም በኤግዚቢትነት ተነቅሎ በጋሪ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት የስታዲየማችን መሠረት የሚገኘው ከጣቢያው በር በስተቀኝ ነው። ለዘቢደር ስንቅ ላደርስ ስሄድ፣ ዘበኞቹ ተራ በተራ እየተቀመጡበት ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ። አንደኛው እንዲያውም ጠጋ ብሎልኝ፣ «ጋሽ አለነ፣ ይሞክሩት እስቲ፤ ብርድ የሚባል አያሳልፍም!» አለኝ። አመስግኜ ቆሜ ቀረሁ። ስንቅ የሚያመጣልኝ ሰው ገና አላዘጋጀሁም።

፯ኛ. የነጋዴዎችን ስብሰባ ስለጠሩልን አመሰግናለሁ። «ድርጊቱን የምታወግዙ እጃችሁን አውጡ» ሲባል አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ፤ በሬዲዮም ነጋዴው ድርጊቱን በአንድ ድምፅ አወገዘ ተባለ። ስንወጣ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረውን የቅቤ ነጋዴ ምን እንዳወገዘ ጠየቅሁት። «እኔማ አበል የሚፈልግ እጁን ያውጣ የተባለ መስሎኝ ነው» አለኝ። የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ እንደነበር ቃለ ጉባኤ የያዘው ልጅ አይቷል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አዲስ ነገር አልነገርሁዎትም።

በሽምግልና የላክንብዎትን መምሬ ተክለ ማርያምን ቆመው ስለተቀበሉልንም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መምሬ፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ለመቀመጫ ካልሆነ ለመወርወሪያ ነው የሚሆነው። ለመቀመጫ ቢሆን ይሻላል» ሲሉዎት፣ «አባ፣ ይህ ማስፈራሪያ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «የለም፣ ስብከት ነው» አሉዎት። እርስዎም ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ነው ብለው፣ መስቀል ተሳልመው ሸኟቸው። መምሬ የተሳለመ ሰው አይቀየሙም። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ።

፰ኛ. ገብሱ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ስለቆመ ቆላው ምን ላይ እንዳለ ያውቃሉ። ድርቅ እንጂ ረሃብ የለም ተብሏልና እኔም ያልተፈቀደውን ቃል አልጠራም፤ አምና ማሽላ የሸጡልኝ ሰዎች ዘንድሮ ባዶ ስልቻ ይዘው፣ ሊማሊሞን ወጥተው፣ ከእኔ ገብስ ሊሸምቱ መምጣታቸውን ብቻ እነግርዎታለሁ። ትናንት አንዱን አዛውንት «እንዴት ከረማችሁ?» ብላቸው፣ «ባለፈው እኔ ነበርሁ ሻጩ፤ እስቲ ዛሬ አንተ በዋጋ ተጫወትብኝ» አሉኝ። በእንዲህ ያለ ዓመት አንድ ማሳ ገብስ ልጆች ላሏት መበለት ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ለእርስዎ አይከብድም።

የዘቢደር ማሳ ከገደሉ አፍ ላይ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጧት ፀሐይ ሲወጣ ከገደሉ ይወጣሉ፤ ከልካይ ካጡ ተቀምጠው፣ እየለቀሙ፣ ሳይጣደፉ ይበላሉ። አማቷ ልጆቹን ይዛ ስትጮህባቸው ትውላለች፤ ጎረቤቶቿም የራሳቸውን እያጨዱ ተራ ገብተው ይጠብቁላታል፤ ነገር ግን የሁሉም ማሳ የደረሰው በአንድ ሳምንት ነው። ለዘቢደር የተሰጣት ቀጠሮ ለታኅሣሥ መሆኑን ጣቢያው ነግሮኛል። ጭላዳዎቹ የቀጠሮ ወረቀቱ ደርሷቸው እንደሆነ አላረጋገጥሁም። እኔ እንደማውቃቸው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎላቸው አያውቅም፤ በሰዓታቸው ይገኛሉ።

፱ኛ. ባለቤት የማይመጣባቸው ድንጋዮች ሁለት ነበሩ ብያለሁ። ሁለተኛው የእናትዎ የወይዘሮ ባንቻየሁ ነው።

ወይዘሮ ባንቻየሁ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ሲሸጡ እኔ ገና አህያ እነዳ ነበር። እርስዎን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ጎንደር ድረስ ልከው ሰው ያደረጉት በዚያች ጌሾ ነው። በታመሙ ቀን ጧት በብርድ መጥቶ ጭዱን የሚጥለው ማን እንደነበረ በተራው ያለች ሴት ሁሉ ታስታውሳለች። እርስዎ ነበሩ። ጭዱን ጥለው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት፣ ትምህርት ቤት እስኪረፍድብዎ ድረስ አጠገቡ ይቆሙ ነበር። ለዚህ ነው ከላይ ሕጉን ያውቁታል ያልሁዎ።

እናትዎ ካረፉ አራት ክረምት አለፈ። በሕጉ ድንጋዩ ገና በመጀመሪያው መስቀል ለሌላ ሴት መሰጠት ነበረበት። ሴቶቹ ግን እስከ ዛሬ በየቅዳሜው ጭድ ይጥሉበታል። የሞተ ሰው አይመጣ፣ ለምን እንደሆነ እትዬ ዙፋንን ብጠይቃት፣ «የባንቻየሁ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኗል። የእናቴን ድንጋይ ለመንገደኛ ሰጡብኝ ብሎ እንዳያዝን ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። ዘቢደር የመሠረት ድንጋዩ ላይ እንድትቀመጥ የተላከችው የእናትዎ ድንጋይ እንዳይነካ ነው። ለእርስዎ ክብር ሲባል እዚያ ተቀመጠች፤ ለእርስዎ ክብር ሲባል ከዚያ ተነሥታ ታሰረች። ክብርዎ ከሁለቱም ወገን ተጠብቋልና እንኳን ደስ ያለዎ።

ክቡር ሆይ፣

የምለምነው ብዙ አይደለም። ዘቢደር ከመጪው ቅዳሜ በፊት ተፈትታ፣ ከጭላዳ የተረፈውን ገብሷን ትጨድ። ድንጋዩን ለስታዲየሙ ይውሰዱት፤ ከፈለጉም ሌላ ያስቀምጡ፤ ሌላም ይጨምሩበት። ሊማሊሞ ሙሉ ድንጋይ ነው፤ ለመሠረት የሚሆን ነገር አጥተን አናውቅም። እኛ የምንፈልገው ሴትዮዋን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሴቶቹ ድንጋዩ ከተነቀለበት ጉድጓድ ላይ አንድ እፍኝ ጭድ ጣል አድርገው ውለዋል። ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያ ማስጠናት አያስፈልግዎትም።

ላላየነው ስታዲየም፣ ለሰማነው ዕድገት፣ ላወገዝነው ድርጊትና ወደፊት በሬዲዮ ለሚነገረን ደስታችን ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ነፋሱ እንዳይወስደው በሁለት እጄ ይዤ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አለነ ክንዴ
የእህል ነጋዴ፣ የእናትዎ ገበያተኛ

ግልባጭ፦
ለእህል ተራ ሴቶች (ይነበብላቸው)
ለዳባት እግር ኳስ ልጆች (ማሸነፋቸው በጽሑፍ እንዲታወቅላቸው)
ለፖሊስ ጣቢያው ዘበኞች (ከተቀመጡበት ሳይነሡ እንዲያነቡት)

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለእትዬ ዙፋን ሳነብላት አንድ መልእክት እንድጨምር አደራ ብላኛለች። በሚያዝያ ድንጋዩን ያስቀመጡት ባለሥልጣን ከቦታቸው መነሣታቸውን እሷም ሰምታለች። እንዲህ አለች፦ «ለሀብተ ሚካኤል ንገርልኝ፤ የወንበር ነገር አይታወቅም። እሱም የተነሣ ቀን አይጨነቅ፤ የእናቱ ድንጋይ አለለት። ጌሾውን ብቻ ይዞ ይምጣ። ጎረቤቱ ዘቢደር ናት፤ በታመመ ቀን ጭድ ትጥልለታለች።»